ለሁለት ሰው ብቻ

(ወሰን ሰፈር፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት። ነፃነት ወጥ በሠራች ቁጥር የምታደርገውን ዛሬም አደረገች፤ የሽሮውን ዱቄት በስኒ ለክታ ላስቲክ ውስጥ ከጨመረች በኋላ፣ ዐይኗን እንኳ ሳታነሣ ሌላ አንድ እፍኝ ዘግና አከለችበት። ባሏ ልደቱ ስልኩን ይዞ አጠገቧ ቆሟል።)

ልደቱ፦ መልሺው።

ነፃነት፦ ምኑን?

ልደቱ፦ እፍኙን። ስኒው ለሁለት ሰው ነው። እፍኙ ለማን ነው?

ነፃነት፦ ለሚመጣው ሰው።

ልደቱ፦ ማን ነው የሚመጣው?

ነፃነት፦ በምን አውቃለሁ? ገና አልመጣማ።

ልደቱ፦ ነፂ፣ ነገ የምንሄደው እንጦጦ ጫካ ውስጥ ድንኳን ተክለን ልናድር ነው። ካምፒንግ ነው። የካምፒንግ ዋናው ነገር ምን መሰለሽ? ሰው አለመኖሩ።

ነፃነት፦ እኛስ?

ልደቱ፦ እኛማ እንኖራለን።

ነፃነት፦ እንግዲያው ሰው አለ።

ልደቱ፦ (በረጅሙ ተንፍሶ) እሺ፣ በሌላ መንገድ ላስረዳሽ። ከተጋባን ጀምሮ እኔና አንቺ ብቻችንን ትሪ ቀርበን እናውቃለን?

ነፃነት፦ የሠርጋችን ማግስት?

ልደቱ፦ ሚዜዎቹ ነበሩ።

ነፃነት፦ ሐዋሳ የሄድን ጊዜስ?

ልደቱ፦ ምንያህል ነበረ። የአጎቴ ልጅ እኛ ጫጉላ ላይ ምን እንደሚሠራ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ?

ነፃነት፦ ሻንጣ ያግዘናል ብለህ ያመጣኸው አንተ ነህ።

ልደቱ፦ ሻንጣ ያግዘናል አልኩ እንጂ ዓሣ ያግዘናል አላልኩም።

ነፃነት፦ ጭንቅላቱን እኮ ትቶልህ ነበር።

ልደቱ፦ ምስጋናዬን አድርሺልኝ። እኔ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከሚስቴ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጬ፣ ሦስተኛ እጅ ትሪው ውስጥ ሳይገባ ምሳ መብላት እፈልጋለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም አልጠየቅኩም።

(ይኼኛው ነፃነትን ሆዷን አባባት። እንዳያይባት አንገቷን ደፍታ እፍኙን መለሰች፤ ሙሉውን ግን አይደለም።)

ልደቱ፦ ጎበዝ። አሁን እቅዱን ስሚ። ምሳ ፓስታ፣ እራት ሽሮ፣ ቁርስ እንቁላል። ሁሉም በየላስቲኩ፣ በየስማችን።

ነፃነት፦ ስሜ የተጻፈበት ፓስታ በልቼ አላውቅም። ይሄ «ልደቱ፣ ምሳ» የሚለው ከእኔ ለምን ይበልጣል?

ልደቱ፦ ካሎሪ ነው። ድንኳን የሚተክለው እኔ ነኝ።

ነፃነት፦ ድንኳን መትከል ትችላለህ እንዴ?

ልደቱ፦ ቪዲዮውን አይቻለሁ።

ነፃነት፦ እንግዲያው ትርፉን ፓስታ ለቪዲዮው ሰውዬ ላክለት፤ የተከለው እሱ ነው።

ልደቱ፦ ቀልዱን ተዪውና ሽንኩርቱን ክተፊ።

ነፃነት፦ እከትፋለሁ። ነገ ግን ራጉኤል ነው።

ልደቱ፦ ነገ ሐሙስ ነው። አስቤበት ነው የመረጥኩት። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ የወሰድኩት ለምን ይመስልሻል? በሥራ ቀን ጫካ ውስጥ ሰው አይኖርም።

ነፃነት፦ ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን «ራጉኤል ነው» ነው የምልህ። ወርኃዊ በዓሉ።

ልደቱ፦ እኛ የምንሄደው ጫካ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን አይደለም።

ነፃነት፦ ጫካው ከቤተ ክርስቲያኑ ሥር አይደል?

ልደቱ፦ አንቺ ከበዓል ሌላ የምታውቂው ነገር አለ?

ነፃነት፦ የለም።

(በማግስቱ፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ። ከራጉኤል ወረድ ብሎ፣ በባሕር ዛፎቹ መሃል። ድንኳኑ ቆሟል ማለት ባይቻልም ተኝቷል ማለትም አይቻልም። ልደቱ በትንሿ የጋዝ ምድጃ ላይ ፓስታ ጥዷል።)

ነፃነት፦ ድንኳኑ አጎንብሷል።

ልደቱ፦ ነፋስ እንዲያሳልፍ ነው።

ነፃነት፦ እኔ የሚሰግድ መስሎኝ።

ልደቱ፦ አንቺ ታክሲ ውስጥ የሠራሽኝ አይበቃም? ረዳቱ ምንድን ነው የተሸከማችሁት ሲል ሌላ ነገር ብትዪው ምን ነበረበት?

ነፃነት፦ ድንኳን ነዋ። ድንኳኑን ምን ልበለው?

ልደቱ፦ ታክሲ ሙሉ ሰው ለቅሶ የምንሄድ መስሎት ነፍስ ይማር አለን።

ነፃነት፦ አንተስ «አሜን፣ እናንተንም አይንካችሁ» አላልክም?

ልደቱ፦ ሳላስበው አምልጦኝ ነው። ይልቅ አየሩን ሳቢው። ጸጥታውን ስሚው። አየሽ ሰው?

ነፃነት፦ እንጨት የተሸከሙ ሴቶች አልፈዋል። ዘበኛው አልፏል። በግ የሚነዱ ሰውዬም አልፈዋል፤ በጉ ፓስታህን አይቶት ነው የሄደው።

ልደቱ፦ እነሱ አላፊዎች ናቸው። አልተቀመጡም።

ነፃነት፦ ያልተቀመጡት ገና ስላልቀረበ ነው።

ልደቱ፦ እሱን ልነግርሽ ነበር። ፓስታው ሲቀርብ ማንም ቢያልፍ፣ ማንም ቢሆን፣ እንብላ እንዳትዪ።

ነፃነት፦ እንዳልል?

ልደቱ፦ ዛሬን ብቻ ተያት። ቤታችንን ሰው የሚሞላው በዚያች ቃል ነው። ሌላው አገር አንዱ ሲበላ ሌላው ያልፋል፤ ማንም ማንንም ምንም አይለውም፣ ማንም አልሞተም።

ነፃነት፦ ቃሏ እኮ ለወግ ናት። እኛ እንብላ እንላለን፣ እነሱ «ብሉ፣ ይባረክ» ብለው ያልፋሉ።

ልደቱ፦ ምንያህል ይባረክ ብሎ አልፎ ያውቃል?

ነፃነት፦ ምንያህል ሌላ ነው። ደግሞስ እኔ ብቻ ነኝ የምለው?

ልደቱ፦ ታዲያ ማን ነው? ድመቷ ናት?

ነፃነት፦ እሺ። አፌን እይዛለሁ።

(ከላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል፣ የሰው ድምፅ እየቀረበ መጣ። ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶችና አባቶች አገልግል አንጠልጥለው፣ ቁልቁለቱን እየተደጋገፉ ይወርዳሉ።)

ልደቱ፦ ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?

ነፃነት፦ ራጉኤል።

ልደቱ፦ ወዴት ነው የሚመጡት?

ነፃነት፦ ማኅበርተኞች ይመስላሉ። ቁጭ ብለው የሚቀምሱበት ጥላ ነው የሚፈልጉት። ጥላ ያለው ደግሞ እዚህ ነው። እዚህ ጥላው ያምራል ብለህ አንተው አይደለህ የመረጥከው?

ልደቱ፦ ፓስታውን ደብቂው።

ነፃነት፦ ፓስታ ይደበቃል?

ልደቱ፦ ይደበቃል።

(ድስቱን አንሥቶ በጥድፊያ ወደ ድንኳኑ ውስጥ ገፋው። ምድጃውን አጠፋ። የነፃነትን ነጠላ ከትከሻዋ ስቦ ራሱ ላይ ጣለና ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ዐይኑን ጨፈነ።)

ነፃነት፦ ምን ሆንክ?

ልደቱ፦ ሱባዔ ገብቷል በያቸው። ለጸሎት የመጣ ሰው ነው፣ ብቻውን መሆን ይፈልጋል በያቸው። አክብረው ያልፋሉ።

ነፃነት፦ ራጉኤል ደጃፍ ላይ እኔ አልዋሽም።

ልደቱ፦ እንግዲያው ራሴው እላለሁ። (ከፊት ለሚመጡት አሮጊት፣ ድምፁን አድክሞ) እናቴ፣ ይቅርታ፣ ሱባዔ ላይ ነኝ። እህል ከቀመስኩ ሰንብቻለሁ። ይህቺ ባለቤቴ ናት፤ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው።

(አሮጊቷ ደንግጠው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ፤ ሌሎቹንም ዝም አሰኟቸው። ግን አላለፉም። የጸሎት ሰው ያረፈበት ቦታ በረከት አለው ተባብለው ትንሽ ራቅ ብለው ዛፉ ሥር ተቀመጡ። አገልግሉ ተከፈተ። ነፃነትን በእጅ ጠቀሷት።)

ልደቱ፦ (ዐይኑን ሳይገልጥ፣ በሹክሹክታ) ሄዱ?

ነፃነት፦ ተቀመጡ።

ልደቱ፦ ለምን?

ነፃነት፦ ከበረከትህ ለመካፈል።

ልደቱ፦ ይሄ የሚሸተው ምንድን ነው?

ነፃነት፦ በረከትህ አይደለም። ዶሮ ወጥ ነው።

ልደቱ፦ (ምራቁን ውጦ) እንግዲህ ከጠሩን እምቢ ማለት ነውር ነው።

ነፃነት፦ እኔን ጠርተውኛል።

ልደቱ፦ እኔንስ?

ነፃነት፦ አንተማ እህል ከቀመስክ ሰንብተሃል። እንዳትፈተን ብለው ሁሉም ጀርባቸውን አዙረውልሃል፣ አታይም?

ልደቱ፦ ዐይኔን ጨፍኜ በምን ልይ?

ነፃነት፦ በል ሄድኩ። ብቀር ቅር ይላቸዋል።

ልደቱ፦ ቆይ፣ ነፂ። ፓስታዬን ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ብበላውስ?

ነፃነት፦ እሱን ብርድ ልብሱ በልቶታል። ስትገፋው ተገለበጠ። ሽሮውንም እንቁላሉንም አጥቦታል። የእኔም ስም የአንተም ስም አሁን አንድ ላይ ነው።

(ነፃነት ሄዳ ቆየች። ልደቱ አንድ ጊዜ ሆዱ ጮኸ፤ ማኅበርተኞቹ ሰምተው አማተቡ። እሷ ስትመለስ ከንፈሯ በርበሬ ነክቶታል።)

ልደቱ፦ ምነው ቆየሽ?

ነፃነት፦ አይለቁኝማ። በሞቴ፣ አፈር ስሆን፣ ነው ነገሩ። ስንቱን ጎረስኩ መሰለህ።

ልደቱ፦ እንቁላል ነበረው?

ነፃነት፦ ሱባዔ ላይ ያለ ሰው ስለ እንቁላል አይጠይቅም።

ልደቱ፦ ነበረው ወይስ አልነበረውም?

ነፃነት፦ ነበረው። እማማ ወለተጊዮርጊስ፣ ያነጋገርካቸው እናት፣ ለጉልበቴ ይጸልይልኝ ብለዋል። አቶ ከበበ ደግሞ ለልጃቸው ሥራ። ስማቸውን እንዳትረሳ።

ልደቱ፦ የእኔን ጉልበትስ ማን ይጸልይለት? እየከዳኝ ነው።

ነፃነት፦ አውቀውታል። እንዳትወድቅ ብለው ይሄን ልከውልሃል።

ልደቱ፦ (አንድ ዐይኑን ገልጦ) ምንድን ነው?

ነፃነት፦ ጥሬ ሽምብራ። ውኃ ውስጥ ያደረ። ለሱባዔ የሚፈቀደው እሱ ነው አሉ።

ልደቱ፦ እነሱ ዶሮ፣ እኔ ሽምብራ።

ነፃነት፦ ምን ጎደለህ? ለብቻህ ነው፣ በስምህ ነው የመጣው። ካሎሪም አለው።

(ልደቱ ሽምብራውን አንድ አንድ እያለ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ቆረጣጠመ። ማኅበርተኞቹ የጸሎት ሰው መሆኑን በዚህ ይበልጥ አመኑ። ሲጨርሱ ተነሥተው በየተራ ወደ እሱ እጅ እየነሡ ወረዱ። እማማ ወለተጊዮርጊስ ነፃነት ጆሮ ላይ የሆነ ነገር ሹክ ብለው፣ ግማሽ ያህሉ ያልተነካ አንድ አገልግል እጇ ላይ ትተው ሄዱ።)

ልደቱ፦ ሄዱ?

ነፃነት፦ ሄዱ።

ልደቱ፦ ምን ሰጡሽ?

ነፃነት፦ ሱባዔህን ስትፈታ የምትቀምሰው። አገልግሉን ሌላ ቀን ቤተ ክርስቲያን እንድመልስላቸው ነው።

ልደቱ፦ ፈታሁ።

ነፃነት፦ እንዲህ ባንዴ?

ልደቱ፦ ፈታሁ አልኩሽ እኮ። ክፈቺው።

(ከፈተች። እንጀራውን ዘርግታ ወጡን አወጣች። ጫካው ጭጭ ብሏል፤ የሚሰማው የባሕር ዛፉ ቅጠል ብቻ ነው። ልደቱ ነጠላውን ከራሱ ሳያወርድ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ። እንዲህ ተርቦ እንኳ መጀመሪያ እንቁላሉን ለሁለት ገምሶ እሷን አጎረሳት። ነፃነት እያኘከች ቀስ ብላ አየችው። ያ ሁሉ ላስቲክ፣ ያ ሁሉ ቪዲዮ፣ ለዚህች ነበር ለካ። ልትስቅበት አሰበችና ተወችው።)

ልደቱ፦ አየሽ? እቅዱ ይሄ ነበር።

ነፃነት፦ ይሄ?

ልደቱ፦ ባጠቃላይ ሲታይ።

ነፃነት፦ ፓስታህ ብርድ ልብሱ ላይ ነው። የምንበላው የእማማን ዶሮ ነው። የተቀመጥነው ማኅበሩ በተቀመጠበት ነው።

ልደቱ፦ ዝርዝር ውስጥ አትግቢ። እኔና አንቺ ብቻ ነን ወይስ አይደለንም?

ነፃነት፦ ነን።

ልደቱ፦ ሦስተኛ እጅ አለ?

ነፃነት፦ የለም።

ልደቱ፦ (አፉን ሞልቶ) በቃ። የሰማሽኝ ዕለት እንዲህ ነው። ዋናው ያቺን ቃል አለማለት ነው።

(ከጀርባው ኮቴ ተሰማ። ነፃነት ቀና ብላ አየችና፣ ቃሏን አክብራ አፏን በመዳፏ ከደነች። ዛፉ ሥር የረሱትን ዣንጥላ ሊወስዱ የተመለሱት እማማ ወለተጊዮርጊስ ናቸው። አንድ ጊዜ የተወጠረ ጉንጩን፣ አንድ ጊዜ እጁ ላይ ያለውን የዶሮ እግር ያያሉ። ልደቱ ዞረ። የሚውጥበት ጊዜ አልነበረውም፤ የሚያስብበትም።)

ልደቱ፦ (ብድግ ብሎ ቦታውን እየለቀቀላቸው) እማማ፣ እንብላ።