የትርሲት ፊት በብልቃጥ ውስጥ

ትርሲት ትናንት ከምሳ በኋላ ሕልም አየች። ያየችውም በምትሠራበት የሐዋሳ ሆቴል ላውንደሪ ክፍል፣ የአንሶላ ክምር ላይ ጋደም ባለችበት ነው።

ቦታዋ እዚያ አልነበረም፤ ለዓመታት ሪሴፕሽን ላይ ቆማ እንግዳ ስትቀበል የኖረች ሴት ናት። ፊት የሚያቀላውን ክሬም ትታ፣ የምስክር ወረቀት ያለው ኦርጋኒክ ቅባት ስትጀምር ግን ፊቷ ደም መስሎ ተላላጠ። ሐኪሟ፣ «የድሮው ክሬም የተወብሽ ጉዳት ነው። ብሶበት ነው የሚሻለው፤ ወራት ይፈጃል። ወረቀቱም ተክሉ በምን እንደበቀለ ይመሰክራል እንጂ ለፊትሽ ዋስ አይሆንም» ብላታለች። ሥራ አስኪያጁ አቶ ዳምጠው ግን ወራት የሚጠብቁ ሰው አይደሉም። «ፊትሽ እስኪመለስ ከእንግዳ ዓይን ዞር በይ» ብለው ላውንደሪ አወረዷት። እንደተናደደች እንቅልፍ ወሰዳት።

በሕልሟ የውበት ሳሎን ወንበሮች ላይ እሬቶች ተደርድረው ተቀምጠዋል። ትርሲት ራሷ ቅባት ሆና ብልቃጥ ውስጥ ናት።

«ምስክር ወረቀት አላት?» አለች አንዷ እሬት።

«አላት እንጂ! ኬሚካል ያልነካት፣ የእናቷን ጡት ጠብታ ያደገች ናት» አለች ሻጯ ዳማከሴ።

እሬቷ ትርሲትን ዛቅ አድርጋ ቅጠሏን ተቀባች። ወዲያው መስታወት አየችና ጮኸች።

«አልቀላሁም! አጭበርባሪ!»

«አረንጓዴ ሆነሽ ተፈጥረሽ፣ መቅላት ምን ያደርግልሻል?» አለቻት ትርሲት በንዴት።

«አለቃዬ እንዲህ ሆነሽ በር ላይ አትቆሚም ብሎኛል» አለችና እሬቷ ማልቀስ ጀመረች።

ሳሎኑ በድንገት ሆቴሉን ሆነ። ሥራ አስኪያጆች ሻንጣ ይዘው ተሰልፈዋል፤ እንግዶች ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው ጉንጫቸውን እየቆነጠጡ ይመርጧቸዋል። የአቶ ዳምጠው ተራ ደረሰ። አንዲት እንግዳ አገላብጣ አየቻቸውና፣ «ይሄ ፊት አይሆንም፤ ላውንደሪ አውርዱት» አለች።

«ኧረ እኔ ውስጤ ጥሩ ነው!» ብለው ለመኑ።

«እርስዎ የሰው ውስጥ መቼ አይተው ያውቃሉ!» ብላ ትርሲት የብልቃጡን ክዳን በቡጢ መታችው። ክዳኑ ተፈናጠረ።

ነቃች። በሩ ይንኳኳል። አቶ ዳምጠው ራሳቸው ናቸው፤ ገብተው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ትርሲትዬ፣ አንቺ ቦታ ያቆምኳት ልጅ ትንሽ ጠቆር ትላለች። ያ የድሮው ክሬምሽ ስሙ ማን ነበር?»

ትርሲት ብድግ አለች።

«ለእሷ ራሴ እነግራታለሁ» ብላቸው፣ የተላላጠ ፊቷን ሳትሸፍን፣ ደረጃውን በእንግዶቹ መሃል ወጣች።