ካካ ባድሪ እና ሌባው ማሽን

በየትኛውም ሠፈር ተሸንፎ የማያውቅ አንድ ሰው አይጠፋም። ተሰርቆ ያውቃል፣ ተሸውዶ ያውቃል፣ ተሸንፎ ግን አያውቅም። ካርታ ሲጫወት ከተበላ ካርታው ምልክት ነበረበት፤ የሚደግፈው የክሪኬት ቡድን ከተረታ ሜዳው ሆን ተብሎ ውኃ ጠጥቷል። በሕንድ አገር ምርጫ በማሽን ከሆነ ወዲህ ደግሞ እንዲህ ያለው ሰው ሁሉ የዕድሜ ልክ ሥራ አግኝቷል። ለእኛ ሠፈር የደረሱን ክቡር ባድሪፕራሳድ ናቸው፤ የምስርና የጥቁር ስኳር ነጋዴ፣ የሕዝብ ድምፅ ዘብ፣ የማሽን ደመኛ። እኛ ባጭሩ ካካ እንላቸዋለን፣ አጎት እንደ ማለት ነው።

ካካ ባድሪ ደንበኛ ሲገባም ሲወጣም የሚደግሟት አንዲት ነገር አለቻቸው። «ማሽን የሚናገረው የባለቤቱን ቋንቋ ነው!» ይላሉ። ይህን የሚሉት ምስራችንን የኤሌክትሪክ ሚዛናቸው ላይ እያፈሰሱ ነው። ሚዛኑ ታዲያ ምንም ሳይጫንበትም ትንሽ ነገር ማንበብ ይወዳል።

ፀጉር አስተካካዩ ግርዳሪ አንድ ቀን አላስችል ብሎት፣ «ካካ፣ ይሄ ሚዛንዎስ የማንን ቋንቋ ነው የሚናገረው?» አላቸው።

«ሚዛን ሌላ፣ ማሽን ሌላ! አንተ ምላጭህን ሳል!»

የምርጫ ቀን ሠልፉ ፊት የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። ማሽኑ ላይ ቁልፉን ሲጫኑ የመረጡት ምልክት ያለባት ቁራጭ ወረቀት በመስታወቱ ውስጥ ለሰባት ሰከንድ ትታይና ወደ ሣጥኑ ትወድቃለች። ሌላው ሰው አይቶ ይወጣል። ካካ ግን ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ ድምፃቸው ውጭ ድረስ ይሰማል። «...አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት! አያችኋት? ሾልካ ገባች!»

አስመራጩ፣ «አባባ፣ ያልመረጡት ነው እንዴ የወጣው?» ሲላቸው፣

«የመረጥኩት ነው የወጣው። የሚያጠራጥረኝም እሱ ነው!» ይላሉ።

ድምፅ እስኪቆጠር ማሽኖቹ የሴቶች ኮሌጅ ውስጥ ይቆለፍባቸዋል። የፓርቲ ሰዎች በር ላይ ተቀምጠው መጠበቅ ይችላሉ። ካካ የማንም ፓርቲ አባል ሳይሆኑ የገመድ አልጋቸውንና ብርድ ልብሳቸውን ይዘው ሄደው ሠፈሩ። አንዴ እርግብ በመስኮት ገባች ብለው ሦስት ፖሊስ መሰላል አስወጡ። ሌላ ጊዜ የኮሌጁን ተማሪዎች ሊያበርድ የመጣ አይስክሬም ሻጭ አስቁመው፣ «ሣጥኑ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ለምን ይቀዘቅዛል?» እያሉ አንድ በአንድ አስከፈቱት። ፍተሻው ሲያልቅ አይስክሬሙ ሾርባ ሆኖ ነበር፤ ፖሊሶቹ ለአገር ደኅንነት ሲሉ ጠጡት።

የደገፉት ሰው የሚያሸንፍበት ጊዜም አለ። ያኔም ማሽኑ ምስጋና አያገኝም። «የዚያን ቀን መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ለመስረቅ አልተመቸውም» ይላሉ። ማሽኑ በባትሪ እንደሚሠራ የነገራቸው ሰው የለም። ቢነገራቸውም ባትሪው መጠርጠሩ አይቀርም ነበር።

እንግዲህ እኚህ ሰው ካለፈው በፊት በነበረው የማዘጋጃ ቤት ምርጫ ራሳቸው ተወዳደሩ። ምልክታቸው ማንቆርቆሪያ ነበር፤ የተወዳደረቻቸው የሠፈራችን አስተማሪ ሬኑካ ደግሞ ጃንጥላ። ሬኑካ የውኃ ቧንቧ አስገባለሁ አለች። ካካ የአደባባዩን የቆመ ሰዓት አሠራለሁ አሉ። መንገድ ላይ ያገኙት ሰው ሁሉ እጃቸውን ጨብጦ፣ «ካካ፣ ከእርስዎ ሌላ ማንን እንመርጣለን!» አላቸው። ቆጠራው ሲወጣ በሠፈራችን ጣቢያ ማንቆርቆሪያው ያገኘው ሦስት ድምፅ ነበር።

«ሦስት!» ብለው ጮኹ። «እቤቴ ውስጥ ብቻ ስድስት መራጭ አለ! እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቼ፣ ሁለት ምራቶቼ! ሦስቱን ማን በላቸው?»

ጥያቄው ከባድ ነበር፣ መልሱ ደግሞ የባሰ። ስለዚህ ሠፈሩ ሁሉ ባንድ አፍ፣ «ማሽኑ ነው ካካ! ሌባ!» አለ። እጃቸውን የጨበጡት ሁሉ አብዝተው ማሽኑን ረገሙ። (የእኔን ድምፅ በተመለከተ ምርጫ ምስጢራዊ ነው።) እውነቱን ለመናገር የሠፈራችንን ሰላም የጠበቀልን ያ ማሽን ነው። እሱ ሌባ ባይሆን ኖሮ እኛ ሁላችን ውሸታሞች ነበርን።

ከዚያ በኋላ ቧንቧው ገባ፤ ካካም በየጠዋቱ ከሥሩ ተቀምጠው ገላቸውን እየታጠቡ ማሽኑን ይሰድባሉ። ዓመታት እንዲህ አለፉ። ታዲያ በቀደም ግርዳሪ ደንበኛ እየላጨ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ካካ፣ ማሽን ካጭበረበረ ያንኑ ምርጫ እዚሁ ግቢዎ ውስጥ በወረቀት እንድገመው። ፈሩ እንዴ?» ብሎ ለኮሳቸው።

«እኔ? ልፈራ?» አሉ። ፊታቸው ግን አመድ መሰለ። «እሑድ ጠዋት! አስመራጩም ጋዜጠኛው ሻራድ ይሁን!» ሻራድ እኔ ነኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት ሚስታቸው ጃንኪ ቤቴ መጡ። እጃቸው እንደ ወትሮው እርድ በእርድ ነው፤ ሠፈሩ ሁሉ ወጥ የሚሠራበትን እርድ የሚወቅጡት እሳቸው ናቸው።

«ሻራድ ወንድሜ፣ ይሄን ምርጫ አስቀርልኝ» አሉኝ።

«ለምን ካኪ?» አልኳቸው፤ የካካ ሚስት ካኪ ትባላለች።

«እኔና ምራቶቼ የተጫንነው ጃንጥላውን ነው።» ወንበሩ ላይ ቁጭ አሉ። «ምን ላድርግ? ከተዳርኩ ጀምሮ ከጉድጓድ ውኃ የምጎትተው እኔ ነኝ። አንዷ ቧንቧ አመጣለሁ ስትል እኚህ ሰውዬ ሰዓት! እኔ ሰዓት ምን ይሠራልኛል? ጀርባዬ ራሱ ስንት ሰዓት እንደሆነ ይነግረኛል።»

«ታዲያ አሁን በወረቀት ማንቆርቆሪያውን ይምረጡ።»

«እኔማ እመርጣለሁ። ሌላው ካልመረጠስ? ወረቀትም ሦስት ካለ ዞረው የሚያዩት እኔን ነው። ይሄን ያህል ዘመን ያመኑኝን ሰውዬ ዐይናቸውን በምን ዐይኔ አየዋለሁ?» ብለው በሳሪያቸው ጫፍ ዐይናቸውን ጠረጉ፤ እርዱ ደግሞ የባሰ አስለቀሳቸው።

ምርጫውን ማስቀረት አልቻልኩም፤ ወሬው አንዴ ወጥቷል። የቻልኩት በየቤቱ እየዞርኩ፣ «ነገ ማንቆርቆሪያ፣ ለካኪ ስትሉ» ማለት ብቻ ነው። ነፃና ገለልተኛ አስመራጭ ማለት እኔ ነኝ።

እሑድ ጠዋት የግርዳሪን የመላጫ ሸራ መጋረጃ አድርገን ሰቀልን። ከኋላው ጠረጴዛ ላይ ማንቆርቆሪያና ጃንጥላ የታተመባቸው ወረቀቶች ተቆለሉ፤ መራጩ የወደደውን አንሥቶ ባዶ የሰናፍጭ ዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ይከታል። ሁሉም መጣ። ሁከት እንዳይነሣ የተላከው ፖሊስ ሻይ ጠጥቶ እሱም መረጠ። ሬኑካም መጣች፤ ስትወጣ በጆሮዬ፣ «ራሴን በራሴ ጣልኩ፣ አደራ እንዳይሰማ» አለችኝ። ካካና ካኪ ደግሞ ለየብቻቸው ሲገቡ ከመጋረጃው ጀርባ ከሌላው ሰው በጣም ቆዩ።

ቆርቆሮውን ገልብጬ መቁጠር ጀመርኩ። ጃንጥላ አንድም የለም። ማንቆርቆሪያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ ማንቆርቆሪያ። ከዚያ እጄ ላይ የተጣበቀ አንድ እሽግ ወጣ፤ ሃያ የሚያህል ወረቀት በጥቁር ስኳር ተለጣጥፎ አልላቀቅ አለኝ። በሠፈራችን እጁ ሁልጊዜ በስኳር የሚጣበቅ አንድ ሰው ብቻ ነው። ትንሽ ቆይቶ ሌላ እሽግ ወጣ፤ በያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ቢጫ የጣት አሻራ ታትሞበታል።

ቆጠራው ሲያልቅ የድምፁ ብዛት ከሠፈሩ ሰው በለጠ።

ግርዳሪ፣ «ካካ፣ እንኳን ደስ አለዎት! ሙታንም ሳይቀሩ መርጠውዎታል!» አለ።

ካካ ባድሪ ወደ ጠረጴዛው ቀርበው ቢጫውን እሽግ አዩት። ካኪም ከበስተጀርባቸው ተንጠራርተው ስኳራሙን አዩት። ከዚያ ካካ የገመድ አልጋቸው ላይ ወጥተው ቆሙ።

«ተጭበርብሯል!» አሉ። «ወረቀትም ሌባ ነው! እኔ ይሄን ድል አልቀበልም! ካሁን ወዲያ በማሽን ይሁን፣ ማሽን ቢያንስ መቁጠር ይችላል!»

ሠፈሩ በሳቅ ፈረሰ፤ ተሸንፈው የማያውቁት ካካ አሁን ደግሞ ማሸነፍንም እንቢ አሉ።

ሰው ሲበተን ሱቁ ውስጥ ብቻችንን ቀረን። እጄን በውኃ እያለቀለቅሁ፣ «ካካ፣ ስኳሩ አልለቅ አለኝ» አልኳቸው።

ሚዛናቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። «ቧንቧው የገባ ቀን ጃንኪ ባልዲ እየሞላች ስትዘፍን ሰማኋት» አሉ በመጨረሻ። «ከተጋባን ወዲህ ዘፍና አታውቅም። ማንን እንደመረጠች ያኔ ገባኝ። ልክ ነበረች እኮ፤ ሰዓት ምን ያደርግላታል?»

«ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት ማሽኑን መሳደብ ምን አመጣው?»

«አንድ ቀን ዝም ብል፣ ማሽኑን ይቅር ብያለሁ ብል፣ 'እነዚያን ሦስት ድምፆች ማን ወሰዳቸው?' የሚል ይመጣል። ያን ጊዜ እሷ ምን ትመልሳለች? ማሽኑን ስድብ አይጎዳውም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ጋዜጣህ ላይ ይሄን ብትጽፍ ምስር አልሸጥልህም።»

ጻፍኩት፤ ምስሬንም ከዚያው ነው የምገዛው። ሚዛኑ እንደ ወትሮው ነው፣ እኔም ሌላ ሱቅ ሄጄ አላውቅም፣ አልሄድምም።

የዚያን ዕለት ካኪ ጃንኪ ከግቢ ተጣሩ። «ሻራድ፣ ለእኚህ ሰውዬ ንገርልኝ! ባልዲው ሞልቷል፣ መጥተው ይታጠቡ!»

ካካ ባድሪ ፎጣቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ወጡ። ወዲያው ውኃው ሲፈስ ተሰማ፤ ከውኃው ጋር፣ «ያ ሌባ! ያ ዘራፊ ማሽን!» የሚለው የታወቀ ድምፅ። ወጥ ቤት ውስጥ ደግሞ ካኪ እርዳቸውን እየወቀጡ ይዘፍኑ ነበር።