17 ቁጥር ስንዴና ከማሳ የቀረው ዋግ

ቀን፦ ማክሰኞ፣ አጨዳ ሊጀመር አምስት ቀን ሲቀረው፣ ከረፋዱ 4፡10
ቦታ፦ የዘር መጋዘን (የስብሰባው ክፍል ቁልፍ ጠፍቷል)
የተገኙ፦ ሰብሳቢው፣ አዳቃይዋ፣ የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጸሐፊው። ኃላፊው ከገዛ መጋዘናቸው የሚሸሹበት ስላጡ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።
ተጠርተው የቀረቡ፦ የማሳው ተቆጣጣሪ

አጀንዳ 1፦ 17 ቁጥርን ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ብሎ ስለማጽደቅ

አዳቃይዋ በዝርያው ላይ አሥራ አንድ ዓመት እንደደከሙ፣ ዋግን የሚቋቋምበትን ጠባይ ከአንድ ድንክ የዱር ስንዴ እንዳወረሱት፣ ዛሬ ካልጸደቀ ግን በደንቡ መሠረት ዘሩ ሁሉ ወፍጮ እንደሚገባ አስረዱ። «ልጄ» ያሉት በሰብሳቢው ትእዛዝ «ዝርያው» ተብሎ ተመዝግቧል።

ሰብሳቢው ደንቡን አነበቡ፤ ዋግ ባልታየበት ማሳ ተቋቋመ አይባልም። በሽታውን እንዲጠራ ተብሎ ዙሪያውን ቶሎ የሚታመም ስንዴ ተዘርቶ ነበር። ማሳው ግን ከዳር እስከ ዳር ለምለም ነው።

አጀንዳ 2፦ ዋግ የት እንደገባ

ተቆጣጣሪው ለሥራው አዲስ ናቸው። ስንዴው ቢጫ ዱቄት ሲለብስ አንጀታቸው አልችል ብሎ በየሳምንቱ መድኃኒት እንደረጩ አመኑ። በዚሁ ትጋታቸው ኮሚቴው ባለፈው ወር «ምስጉን ሠራተኛ» ብሎ ጃንጥላ እንደሸለማቸው ጸሐፊው አስታወሰ። ሰብሳቢው ስለ ማስታወሱ አላመሰገኑትም።

ከረጅም ውይይት በኋላ፦
ሀ) ጃንጥላው ተመላሽ እንዲሆን፤
ለ) በመጋዘኑ ኃላፊ ሐሳብ አቅራቢነት፣ ዋግ እስከ ዓርብ በማሳው እንዲገኝ ማኅተም ያለው ጥሪ እንዲጻፍለት፣ ግልባጩም ለነፋስ እንዲደርስ፤
ሐ) መድኃኒት ያዳነው ተቋቋመ ስለማይባል፣ 17 ቁጥር ውድቅ እንዲሆን ተወሰነ።

አዳቃይዋ አልፈረሙም፤ አለቀሱ። ደንቡ ስለማይከለክል ጸሐፊውም አዝኗል።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ተቆጣጣሪው ጃንጥላውን ሲያስረክቡ የርጭት ደብተራቸውንም አብረው ሰጡ። አዳቃይዋ ገለጡት። በማሳው ያሉት ሌሎቹ አርባ መደቦች እያንዳንዳቸው መቼ እንደታመሙና መቼ እንደተረጩ በቀን በቀኑ ተጽፏል። የ17 ቁጥር ገጽ ባዶ ነው። ተቆጣጣሪው ለምን እንደሆነ ተጠየቁ።

«እትዬ፣ እሷ መች ታመመችና? ለጤነኛ መድኃኒት ይሰጣል እንዴ?»

አዳቃይዋ ተቆጣጣሪውን አቅፈው ሳሟቸው። ይህ በአጀንዳ አልተያዘም ነበር። የመጋዘኑ ኃላፊ ጃንጥላውን ዘርግተው በጆንያዎቹ መካከል መጨፈራቸውም እንደዚሁ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ ከሀ እስከ ሐ ያለው በሙሉ ድምፅ ተሽሯል። ጃንጥላው ለባለቤቱ ይመለስ፤ ተጋባዡ መጥቶ ስለሄደ ጥሪው ይቅር፤ 17 ቁጥር ጸድቋል።

ስብሰባው 6፡25 ላይ አበቃ። ሰብሳቢው ሲወጡ «ልጃችን አኮራችን» ብለዋል። «ዝርያው» ተብሎ ይታረም ያለ አልተገኘም።