ለአማት የማይነበብ መጽሐፍ

አገራችን ለአማትና ለምራት ያልደነገገችው ሥርዓት የለም። ምራት አማቷ ፊት እንዴት እንደምትቀመጥ፣ ምን ያህል እንደምትጎርስ፣ ስትስቅ ጥርሷ እስከ የት ቢታይ ነውር እንደማይሆን፣ ሁሉም ነገር አስቀድሞ ታስቦበታል። ምራት ለአማቷ ጮክ ብላ መጽሐፍ ስታነብ ግን የቱን ታንብብ፣ የቱን ትዝለል፣ አሳፋሪ ቃል ሲመጣ ትሳል ወይስ ገጹን ቶሎ ትግለጥ? ይህን ያሰበበት አባት የለም። ድሮ ማን ያነብ ነበርና! እናም ነገሩ የገጠመን ጥቂት ምራቶች ሕጉን ራሳችን እያወጣን፣ ራሳችን እየጣስነው ኖረናል።

እኔን የገጠመኝ ወላይታ ሶዶ ነው፤ ባጃጅ ከተማችንን ገና መውረር በጀመረበት ዘመን። አማርኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ ቦምቤ ተመድቦ የሚመጣው ለሰንበት ብቻ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ ቤት የምንውለው እኔና አባቱ ነን። «አዋ» እላቸዋለሁ፤ በወላይትኛ አባት ማለት ነው። አዋ በጉልምስናቸው ከቢጠና እስከ ቦምቤ ያለውን ገበያ ሲያዳርሱ የኖሩ የቅቤ ነጋዴ ናቸው። ሲያረጁ ደግሞ የታወቁ አስታራቂ ሆኑ። ወሰን የተጋፋ፣ ውርስ ያጣላው፣ ሚስቱ የኮበለለችበት ሁሉ ደጃቸውን ይጠናል። እሳቸው ተቀምጠውበት ሳይታረቅ የቀረ ሰው ቢኖር፣ ከእርቁ በፊት የሞተው ብቻ ነው ይባልላቸዋል።

ታዲያ እኒህን ሰው ሞራ ጋረዳቸው። ሐኪሙ «ገና አልበሰለም፤ ሲበስል ይገፈፋል» ብሎ መለሳቸውና፣ ጓሯችን ውስጥ እንዳለው አቮካዶ የዓይናቸውን መብሰል ሲጠባበቁ ከረሙ። እኔም ከትምህርት ቤት ስመለስ በረንዳ ላይ አጠገባቸው ተቀምጬ አንድ ምዕራፍ ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ከዚያ ደግሞ ጋዜጣ አነብላቸዋለሁ። የእሳቸው አማርኛ ገበያ የተማሩት ነው፤ ወንድና ሴት ብዙም አይለይም። የእኔ ወላይትኛ ደግሞ ከዚያ የባሰ ስብርብር ነው። ሁለት ስባሪ ቋንቋ ሲጋጠም አንድ ሙሉ ጨዋታ እንደሚወጣው ያየሁት እዚያ በረንዳ ላይ ነው።

አንድ ቀን የሥራ ባልደረባዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ መጽሐፍ አዋሰችኝ። አንዲት ሴት በልጅነቷ የደረሰባትን፣ ከዚያም በኋላ የኖረችውን ኑሮ ራሷ የጻፈችው ነው። በጋዜጣ የተጠቀለለው እንዳይቆሽሽ አልነበረም። መምህራን ክፍል ውስጥ «ምንድን ነው የምታነቢው?» ለሚል ሰው መልሱ ስለሚከብድ ነው። እርስዎም እኮ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ይዘው ታክሲ ቢገቡ ሽፋኑን ወደ ጉልበትዎ ይገለብጡታል፤ አይዋሹኝ።

ያን ዕለት ጋዜጣውን ጨርሼ አዋ ያንቀላፉ መሰለኝና መጽሐፉን ገለጥኩ። የት እንዳለሁ ረሳሁ። ለካ ዓይን ሲደክም ጆሮ ይበረታል፤ አዋ ገጽ ሲገለጥ ይሰማሉ፣ ድምፅ ግን የለም። «ይሄ ዝም የሚለው መጽሐፍ ምንድን ነው?» አሉኝ። የትምህርት ቤት ነው አልኳቸው። የትምህርት ቤት መጽሐፍ ከመቼ ወዲህ አስለቅሶ አፍንጫ እንደሚያስስብ ጠየቁኝ። ተያዝኩ።

አንብቢልኝ አሉ። አይሆንም አልኩ፤ የሴቶች ነገር ነው፣ ለእርስዎ አይሆንም ብዬ ተከላከልኩ። እሳቸው ደግሞ የሴት ነገር ሳይሰሙ ይህን ሁሉ ባልና ሚስት እንዴት እንዳስታረቁ ጠየቁኝ። ከአስታራቂ ጋር ተከራክሮ የረታ የለምና ጀመርኩላቸው። አሳፋሪው ቦታ ሲደርስ አሳልኩና አለፍኩት፤ ቀጥሎ ያለውንም በሳል አለፍኩት። በመጨረሻ አዋ ጉንፋን ከያዘኝ ነገ እንድንቀጥል ሐሳብ አቀረቡ። አፈርኩና እንዳለ አነበብኩት፦ «ደፈረኝ» ይላል።

አዋ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ። «ደፋር ማለት ጎበዝ ማለት አይደለም ወይ?» አሉኝ።

ነው አልኳቸው። ጦር ሜዳ የሚገባው ደፋር ነው፣ እውነት የሚናገረው ደፋር ነው፤ ይህም መድፈር ይባላል።

«ለሁለቱም አንድ ቃል?»

የአማርኛ አስተማሪ ነኝና ለቋንቋዬ ልከራከርለት አፌን ከፈትኩ።  ግን ወደ መጽሐፉ ተመለስኩ።

መጀመሪያ ላይ አዋ ለሴትዮዋ አልራሩላትም። እኔ ግን ጥሩ ሰው ናቸው ብዬ እየጻፍኩላችሁ ስለሆነ ይህን ብደብቅ ታዘቡኝ። ገበናዋን ለአገር ማስጣቷ አልገባቸውም። ሆድ ከአገር ይሰፋል ሲባል አልሰማችም ወይ አሉ። እኔም ሆዷን ብታሰፋ ብታሰፋ አልችልላት ብሎ እኮ ነው መጽሐፍ የሆነው አልኳቸው። ትንሽ ተኮራረፍን። እራት ላይ ግን ዳታውን፣ ያን የወላይታ በርበሬ፣ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ፤ እሳቸው ቤት ይቅርታ የሚባለው በበርበሬ ነው። በማግሥቱም ጋዜጣውን ወደ ጎን አደረጉና ያንን ሴትዮ አምጪው አሉኝ። «አምጪው» ነው ያሉት፤ ማረም ከተውኩ ቆይቻለሁ።

ከዚያ ስለ ሽማግሌዎቹ የሚያወራው ምዕራፍ መጣ። ሰውየው ሽማግሌ ይልካል፤ በአባቷ ደጅ በግ ይታረዳል፤ እርቅ ይወርዳል። ሴትዮዋ ሰውየው ካደረገባት ይልቅ ያንን ቀን አብዝታ ጽፋዋለች። ሽማግሌዎቹ ሊበሉ ሲቀርቡ እጃቸውን ያስታጠበቻቸው እሷ ናት። የእያንዳንዳቸውን እጅ ታስታውሳለች፤ አንደኛው ቀለበት ነበረው፣ ሌላው «ተባረኪ» አላት። ስለ እሷ ሲመከር ውሎ እሷን ቃል የጠየቃት ግን አልነበረም።

ቀና ብዬ አዋን አየሁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው፣ በማያየው ዓይናቸው ወደ መዳፋቸው አቀርቅረዋል። ልቀጥል ወይ ብላቸው በቃ አሉኝና እየዳበሱ ገቡ። ከጓዳ ጸሎታቸው ይሰማኝ ነበር፤ በወላይትኛ ስለሆነ ሁሉም አልገባኝም። ስሞች ሲጠሩ ግን ሰማሁ። የሴት ስሞች ናቸው።

የቀሩትን ቀናት ሴትዮዋ ካደገች በኋላ ያለውን አነበብን። ከኋላዋ ኮቴ ስትሰማ ግድግዳ ጥግ እንደምትይዝ፣ ባሏ ሳያስበው ትከሻዋን ሲነካት እንደምትጮህ። አዋ እዚህ ላይ ግራ ገባቸው። ነገሩ ታርቆ አልቆ የለም ወይ፤ ልጅ ወልዳ፣ ሥራ ይዛ እስካሁን አልዳነችም ወይ አሉ። የጠየቁኝ ከልባቸው ነው። ለሽማግሌ ነገር የሚያልቀው ሥጋው ተበልቶ ምርቃቱ ሲወርድ ነዋ! ከዚያ በኋላ ያለውን ለማየት ማን ተመልሶ ያውቃል።

መጽሐፉ ባለቀ በሳምንቱ እንግዶች መጡ። አስቴር ስለምትባል የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነው። አባቷ ዲምቱ አካባቢ ገበሬ ናቸው፤ ልጃቸውን ሶዶ እህታቸው ዘንድ አስቀምጠው ያስተምራሉ። የጎረቤት ሰው፣ ጢም ያበቀለ፣ ከደህና ቤተሰብ የተወለደ፣ ያን ክፉ ነገር አደረገባት። አባቷ ለፖሊስ አመልክተው ሰውየው ታስሯል። ወገኖቹ አሁን ክሱ እንዲነሣና ነገሩ በሽምግልና እንዲያልቅ ይፈልጋሉ፤ ልጅቷንም ያገባታል። «ያገባታል» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ የነበረው ቸርነት! ማስታረቁን አዋ ቢመሩት አባትየው እምቢ እንደማይሉ ያውቃሉ።

አዋ እሺ አሉ። እኔ ተናደድኩ። ያን ሁሉ ቀን ያነበብኩት ለግድግዳ ነው ብዬ በማግሥቱ በረንዳው ላይ ሳልቀመጥ ዋልኩ። የሽምግልናው ቀን ቅዳሜ ግን ክንዳቸውን ይዤ የምወስዳቸው እኔው ነኝ፤ ኩርፊያ መንገድ አያሳይማ። 

አክስቲቱ ቤት ሽማግሌዎቹ ተሰብስበዋል። አባትየው በር ሥር ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ የገዛ ልጃቸው ነገር የሚታይበት ቤት ውስጥ እንግዳ መስለዋል። ንግግሩ ጥሩ ነበር፤ ጉርብትና ተነሣ፣ ሰላም ተነሣ፣ የእግዚአብሔር ቃልም ተጠቀሰ። አዋ አልተናገሩም። ሁሉም ዝምታቸውን እንደ መስማማት ቆጠረውና ምግብ ይቅረብ ተባለ። ከጓዳ አንዲት ልጅ ጆግና ሳህን ይዛ ወጣች። በዕድሜ ትልቁ አዋ ናቸውና ፊታቸው ጎንበስ አለች።

አዋ እጃቸውን ዘረጉ። ውሃው ሊወርድ ሲል «ማነው የሚያስታጥበኝ?» ብለው ጠየቁ።

አክስቲቱ በኩራት ልጅቷ ራሷ ናት አሉ።

አዋ እጃቸውን ሰበሰቡ።  ጆጉን አስቀምጪ አሏትና አጠገባቸው ወንበር አስለቀቁላት። ከዚያ በወላይትኛ፣ እኔ እንኳ እንዲገባኝ አድርገው በዝግታ «ልጄ፣ ስላንቺ ይህ ሁሉ ሲወራ አንቺን የጠየቀሽ ሰው አለ?» አሏት።

አዋ ቀጠሉ፦

«ለእኔም ባትነግሪኝ ትችያለሽ። ግን ሳልጠይቅሽ አልበላም።»

 አንድ ሽማግሌ ሊናገር ሲል አዋ እጃቸውን አነሡበት። በመጨረሻ ልጅቷ መሬት መሬት እያየች፣ መማር እንደምትፈልግና ያንን ሰው ማየት እንደማትፈልግ ተናገረች። ይኸው ነው። ሁለት ነገር ብቻ ነው የፈለገችው፤ ሁለቱም የጠፉት ስለ እሷ በተሰበሰበው ጉባኤ መሐል ነው።

አዋ ወደ አባትየው ዞሩ፤ በድምፅ ብቻ ስለሚያውቋቸው ትንሽ አቅጣጫ ስተው። «ይሄ የሽማግሌ ነገር አይደለም፤ ክስህን አታንሣ» አሉና ተነሡ። ምግቡ ሳይነካ ቀረ። ደጅ ስንወጣ ርቧቸው እንደነበር አውቃለሁ፤ አሽተውታልና። መንገድ ላይ ሙዝ ገዛሁላቸው። ኩርፊያዬ የት እንደገባ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ እንደ ተረት ቀጥ ብሎ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ቀጠሮ በቀጠሮ ላይ ተደረበ። አየሁ ያለው ምስክር አላየሁም አለ። ዳኛ ተቀየረ። አዋ በየቀጠሮው እጄን ይዘው እየሄዱ ፍርድ ቤቱ ደጅ አግዳሚ ላይ ይቀመጡ ነበር፤ የሚሉት ነገር የላቸውም፤ መቀመጣቸውን ግን የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያያል። በመጨረሻ ሰውየው ተፈረደበት። አስቴር ከሰውየው ቤተሰብ ጋር በአጥር መዋሰኗ አባቷን ስላሳሰባቸው አዋ እኛ ዘንድ እንድትኖር ጠየቁ፤ የጎን ክፍላችን ለእሷ ሆነ።

የአዋ ደጅ ግን ጭር አለ። ለወሰንና ለውርስ አሁንም ይጠራሉ፤ በትልልቁ ጉባኤ ግን ስማቸው ሲነሣ የሚያስል ሰው መጣ። ጥፋቱም የእኔ ሆኖ አረፈው። መጽሐፍ የምታነብ ምራት አበላሸቻቸው ተባለ። እንግዲህ በልብስ፣ በመጠጥ፣ በከተማ ኑሮ ልጅ ሲበላሽ ሰምተናል፤ በመጽሐፍ የተበላሸ ሽማግሌ ግን የመጀመሪያው የእኔ አማት ሳይሆኑ አይቀሩም። ይኸን ስነግራቸው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። በሌላ በኩል እናቶች በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ። ቅጠል ሊጠይቁ መጥተው ቅጠሉን ይረሱታል፤ ወዴት ነው የሚኬደው፣ ማንን ነው የምንጠይቀው ይላሉ። አዋ ያዳምጡና ከዘራቸውን ይዘው ይነሣሉ።

ያንን መጽሐፍ አስቴር አንድ ቀን ከመደርደሪያው አወጣችው። ልከለክላት ፈለግኩ፤ ተውኩት። በር ላይ ቆማ ጥቂት ገጽ አነበበችና መለሰችው። ሴትዮዋ መጨረሻ ላይ ትድናለች ወይ አለችኝ። ውሸት ልነግራት ዳዳኝ። ጨርሳ አትድንም፣ ግን ብዙ ቦታ ላይ ትስቃለች አልኳት። ለአዋ ካነበብኩት ሁሉ ይልቅ የከበደኝ ይህቺን ዓረፍተ ነገር ማውጣት ነበር። አስቴር አሰበችበትና፣ እንግዲያው ሌላ ጊዜ አነበዋለሁ አለች። ጋዜጣውን ግን ከእኔ ነጠቀችኝ፤ የእኔ ንባብ እንቅልፍ ያመጣል ብላ ለአዋ የኳስ ዜና እየጮኸች ታነብላቸው ጀመር። ስለ ኳስ ምንም የማያውቁት አዋም ሰዓቷ ካለፈ ይጠይቁኛል።

በዓመቱ የአዋ ዓይን በሰለ። ሆስፒታል ገብተው ሞራው ተገፎላቸው መጡ። ፋሻው ተፈቶ በረንዳው ላይ ሲቀመጡ ሁላችንም ፊታቸው ተደረደርን። ልጃቸውን አይተው ወፍረሃል አሉት። እኔን አዩና እርጅና ሲጀምረኝ ድምፄ እንዳልነገራቸው ተናገሩ። ከዚያ አስቴርን ጠሯት። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጥታ ቆመች።

አዋ አዩዋት። ከእግር እስከ ራሷ፣ ከራስ እስከ እግሯ አዩዋት። ዓመት ሙሉ የሚያውቋት በድምጿ ነው፤ ድምጿ ደግሞ ትልቅ ነው።

«እንዲህ ትንሽ ነሽ እንዴ?» አሏት።

አስቴር የቀለዱባት መስሏት ሳቀች። «ኧረ አዋ፣ አድጌ እኮ ነው!»

አዋ አዲሱን ዓይናቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑት። ሐኪሙ ብርሃን እንዳይበዛበት አስጠንቅቆ ነበር። እኛም በብርሃኑ አሳበብን።