ዳሽቦርድ ሥር የተኙት ክቡር ኢንጂነር

በየዘመዱ መካከል፣ ሥራውን ሲጠይቁት ድንገት ውኃ የሚጠማው አንድ ሰው አይጠፋም። የእኛ ቤተሰብ ውስጥ የለም የሚል ካለ ገና አልጠየቀም ማለት ነው። ዘበኛው «የደኅንነት ጉዳይ ላይ ነኝ» ይላል። ደላላው «አማካሪ» ነው። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ግን በሚስቱ ዘመዶች ዘንድ «ክቡር ኢንጂነር» የሚባለው ሰውዬ ነው።

ኢንጂነሩ የመኪና ቴፕ ገጣሚ ነው። ስፒከር ይተክላል፣ አላርም ያስራል፣ የኋላ ካሜራ ይገጥማል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሚስት ሊጠይቅ ሲሄድ የልጅቷ አባት፣ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩትና «ሥራህ ምንድነው ልጄ?» አሉት።

«በተሽከርካሪ ኤሌክትሮኒክስ ዘርፍ ነኝ።»

«ኢንጂነር ማለት ነው?»

አዎ አላለም። አንገቱን ብቻ ነቀነቀ። ያቺ የአንገት ንቅነቃ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስታስለፋው ኖረች።

ሚስቱ እውነቱን ታውቃለች። የሱሪውን ጉልበት እያጠበች ኢንጂነር ነው ብላ የምታምን ሚስት የለችም። «አንተ የነቀነቅከውን አንገት አንተው አቁመው» ብላ ትታዋለች።

እሱ ግን አላቆመም። ጠዋት ጠዋት ኮቱን ለብሶ፣ የቆዳ ቦርሳውን ይዞ ይወጣል። ቦርሳው ውስጥ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ናስትሮና ምሳው አሉ። ተቀጥሮ የሚሠራበት ሱቅ ሲደርስ ኮቱን ከጓሮ ሰቅሎ ቱታውን ያጠልቅና መኪና ውስጥ በጀርባው ይተኛል፤ ጭንቅላቱን ዳሽቦርድ ሥር ከቀበረ በኋላ እስከ ማታ የሚታየው እግሩ ብቻ ነው። ጣቶቹ በቆርቆሮ ተቧጭረው ዘመድ ሲጠይቀው «ወረቀት ቆርጦኝ ነው» ይላል። «የቢሮ ሥራ እኮ እንደምታስቡት አይደለም።»

የሚያስቸግረው ጆሮው ነው። ቤተሰቡ በረንዳ ላይ ተሰብስቦ ሲጫወት አንድ መኪና ዘፈን እያስጮኸ ካለፈ፣ ሳያስበው «የግራው ስፒከር ሽቦ ተገልብጧል» ይልና ምላሱን ይነክሳል። ያን ጊዜ መምህሩ ወደ ተሰበሰበው ሰው ዘወር ብለው በኩራት «አያችሁ፣ ኢንጂነር ማለት ይኼ ነው!» ይላሉ።

የመምህሩ አሮጌ መኪና ራዲዮ ከሦስት ዓመት ወዲህ ያፏጫል። ነዳጅ በረገጡ ቁጥር ፉጨቱ ከሞተሩ ጋር እየወጣ ዜና አንባቢውን ይውጠዋል። ሦስት ሱቅ ወስደውት አልዳነም። እሑድ እሑድ አማቻቸውን አጠገባቸው አስቀምጠው ሲነዱ «ምን ይመስልሃል?» ይሉታል። እሱም የበሽታውን ስም ከነመድኃኒቱ እያወቀ «እሱ የእኛ ዘርፍ አይደለም አባባ፤ የነዚያ ሽቦ ጎታቾች ነው» ይላቸዋል። በየሳምንቱ የራሱን እንጀራ ይሰድባል።

እስከዚህ ድረስ ቀልድ ነው። ቀልድ መሆኑ የቀረው ሚጢጢ የሚሏት የሚስቱ ታናሽ እህት፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሞላት፣ የቤቱን ራዲዮ ሁሉ ፈትታ የገጠመችው ልጅ፣ አንድ ቀን ምሳ ላይ «የመኪና ቴፕና ካሜራ መግጠም ልማር ነው» ስትል ነው።

መምህሩ ወደ ኢንጂነሩ ዞሩ። «አንተ ምን ትላለህ?»

ልጅቷም በተስፋ አየችው። ከቤተሰቡ ሁሉ ነገሩ የሚገባው እሱ ነው ብላ ነበር።

«አይሆንም» አለ፣ ወደ ውኃው እጁን እየሰደደ። «ደመወዙ ሰው አያኖርም። እድገት የሚባል ነገር የለውም። በጀርባዋ ተኝታ ሽቦ ስትጎትት ትኑር? ለቤተሰቡስ ያምራል?»

ሚጢጢ ሳህኗን አንስታ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ በዓይኑ ተከተላት። ቃሉን ግን አልመለሰም፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ሁለት ወር ካለፈ በኋላ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ኢንጂነሩ ታክሲ ውስጥ ተንጋሎ የካሜራ ሽቦ በጥርሱ እየላጠ ሳለ ከሱቁ በር ላይ «እንደምን አደራችሁ» የሚል ድምፅ ሰማ። ሽቦው ከጥርሱ ወደቀ። መምህሩ ናቸው።

«ራዲዮዬን ላሳይ ነው የመጣሁት» አሏት ባለሱቋን፣ ሚጢጢን ከጎናቸው አቁመው። «ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ይህች ልጄ ናት። ይህን ሙያ ካልተማርኩ ብላ ካኮረፈችኝ ሁለት ወር ሆናት። ደመወዙ እንዴት ነው? ወዴትስ ያደርሳል?»

ባለሱቋ ለደንበኛም ለሠራተኛም ማር የማትቀባ ሴት ናት። «እውነቱን ልንገርዎት አባቴ። መጀመሪያ ታማርራለች። ከጀማሪ አስተማሪ ደመወዝ ግማሹን ብታገኝ ነው፤ ወገብም ያማል። ሁለት ሦስት ዓመት እንደዚያ ነው። እጇ ከተፍታታ በኋላ ግን ሌላ ነው። ድሮ ቴፕ ብቻ ነበር፤ ዛሬ መኪናው ሁሉ ኮምፒውተር ሆኗል፣ የሚያውቅ ሰው በመብራት ይፈለጋል። ያ እግሩን የሚያዩት ሰውዬ የጀማሪ አስተማሪ ሦስት እጥፍ ይወስዳል። ሰው ከከተማው ዳር ድረስ እሱን ብሎ ይመጣል። የራሱን ሱቅ ለምን እንዳልከፈተ ለእኔም አይገባኝም። ስሙን ሰሌዳ ላይ መጻፍ የሚፈራ ይመስለኛል።»

«ይገርማል» አሉ መምህሩ። «አማቼ ትልቅ ኢንጂነር ነው። የትም አያደርስም ብሎን ነበር።»

«ኢንጂነሮች ደግሞ ምን ያውቃሉ!» አለችና ወደ ታክሲው ጮኸች። «አንተ! እስቲ ንገራቸው፤ ጥሩ ሥራ አይደለም?»

ከዳሽቦርዱ ሥር የአሮጊት የመሰለ ቀጭን ድምፅ ወጣ። «ጥሩ ነው... በጣም ጥሩ ነው...»

«ምስኪን፣ ጉንፋን ይዞታል» አሉ መምህሩ።

ሚጢጢ ግን ሥራውን ለማየት ጓጉታ በታክሲው በር ጎንበስ አለች፤ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ውስጥ አየች። ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። አፏ ተከፈተ። ኢንጂነሩ ጩኸቷን ጠበቀ።

አፏን ዘጋችው። ቀና አለችና «እንሂድ አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «ሰውዬው ሥራ ይዟል። ሌላ ቀን እንመጣለን።»

ብታጋልጠው ይሻለው ነበር። ሙያውን የነፈጋት ልጅ ገበናውን ስትሸፍንለት ግን መደበቁ አልሆንለት አለ። ለመውጣት ሲቸኩል ጭንቅላቱን ከመሪው ጋር አጋጨ፤ በክርኑ ተጎትቶ ወጣና ቱታውን እንደለበሰ፣ አቧራው ቅንድቡ ላይ እንዳለ ቆመ።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ሰውዬው ያው ነው። ኢንጂነሩ መሬት ተከፍታ እንድትውጠው ለመነ፤ መሬቱ ግን ሲሚንቶ ነበር።

«ኢንጂነር አይደለሁም። ሆኜም አላውቅም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«እሱንስ ተወው» አሉ መምህሩ። «ሦስት ዓመት! ሦስት ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ አጠገቤ ተቀምጠህ ያን ፉጨት እየሰማህ ዝም አልክ?»

ኢንጂነሩ እጁን በቱታው ጠረገ።

«ለመጠገን ስንት ጊዜ ይፈጃል?» አሉት መምህሩ።

«አሥር... አሥር ደቂቃ።»

«አሥር ደቂቃ!» መምህሩ እዚያው የተደረደረ ጎማ ላይ ቁጭ አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ሳቅ ይሁን ንዴት ከኋላ አይለይም፤ ባለሱቋ ለሁሉም ይሁን ብላ ውኃ አቀረበችላቸው።

እንዲህ ያለውን ሰው ይናደዱበታል፣ ይታዘቡታል፣ መጥላት ግን አይቻልም። ማንንም ሳይሰርቅ እንደ ሌባ ሲሸሸግ የኖረ ሰው እንዴት ይጠላል?

ኢንጂነሩ የመምህሩን መኪና በር ከፍቶ ከዳሽቦርዱ ሥር ገባ። ሚጢጢ አጠገቡ ተንበረከከች።

«ጋሼ፣ ያን ቀን ያልከኝ ሁሉ ለእኔ አስበህ ነው?»

አፉ አዎ ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር፤ ዘጠኝ ዓመት የሠለጠነ አፍ ነው።

«አይደለም» አለ። «አንቺ እዚህ ሙያ ውስጥ ከገባሽ እኔ እታወቃለሁ ብዬ ነው። ሥራው ነውር የለበትም ሚጢጢ። ነውሩ የኔ ነው።»

ልጅቷ ወደ ሽቦዎቹ ዞረች። ይቅር አላለችውም፤ የሁለት ወር ኩርፊያ በአንድ ረፋድ አያልቅም። ይሁን እንጂ «የሚያስፏጨው የትኛው ሽቦ ነው?» አለች።

«ጥቁሩ። ማሳ ይሉታል፤ ከመኪናው ብረት ጋር ጠብቆ መታሰር ነበረበት።»

«በል ጠጋ በል» አለችና ፒንሳውን ከእጁ ወሰደች። «እኔ ላጥብቀው።»

ኢንጂነሩ ጠጋ አለላት።