ሙቅ በቀን አራት ጊዜ

እንደ ቆንጆ የእጅ ጽሕፈት ሰውን የሚያሳስት ነገር በዓለም ላይ የለም! ሐሰት ነው ካላችሁ ታገሡኝ፤ አስረዳለሁ። መጀመሪያ ግን ደስታየን ልተንፍሳት፣ አለበለዚያ መፈንዳቴ ነው። ትናንት ጽሑፌ እዚህ ወረታ፣ ሰፈራችን ያለው ጤና ጣቢያ በር ላይ ተለጠፈ! አራቱም ማዕዘኑ በፕላስተር... ያውም በቁስል ፕላስተር! ሦስት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት። በአራተኛው ዘበኛው አላስቻላቸውም።

"አንች ልጅ፣ የት ላይ ነው የሚያምሽ?"

"ደስታ ነው አባባ፣ ደስታ!"

እዚያ በር ላይ የደረስሁት ግን በእውቀቴ አይምሰላችሁ። በስህተቴ ነው።

ሰኞ ጠዋት ነው። እማየ ሩዝ ልታዘራ ቁሐር ሚካኤል፣ እናቷ ዘንድ ወርዳለች። ስትሄድ ታናሽ እኅቴን ማስተዋልን እያስረከበችኝ "ዓይንሽን ከእሷ እንዳትነቅይ!" ብላኛለች። እኔ ዓይኔን አልነቀልሁም፤ ጉድ የሠራኝ የማስተዋል ዓይን ነው።

ማስተዋል ስድስት ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ከአጸደ ሕፃናት ትመረቃለች። ጋውን ለብሳ፣ ባርኔጣ ደፍታ፣ መድረክ ላይ ግጥም የምታቀርበው እሷ ናት። ግጥሙን የጻፈው ደግሞ... ማን ይመስላችኋል? እንግዲህ ቅዳሜ የሁለታችንም ነው። ሰኞ ጠዋት ግን ማስተዋል በአንድ ዓይኗ ብቻ ነቃች። የግራ ዓይኗ በዓይናር ተጣብቋል፤ ያለቅሳል። በላይኛው ቆብ ጫፍ፣ ልክ ከሽፋሽፍቱ ሥር፣ ሩዝ የምታህል ቀይ እብጠት ተደላድላ ተቀምጣለች። ገና ጫፏን ስነካት ልጅቷ እሪ አለች።

"እንዲህ ሆኜ መድረክ አልወጣም! አንድ ዓይና ይሉኛል!"

ጎረቤታችን እትየ ጥሩወርቅ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው ምርመራቸውን ወዲያው ጨረሱ። "ብጉንጅ ነው። ሰው ሲበላ አይታ ጎምጅታ ነው። በመርፌ ጠቅ አድርጌ ላፍርጥላት?"

እኛ ግን ሮጠን ጤና ጣቢያ ገባን።

የሰኔ ዝናብና የቆርቆሮ ጣሪያ ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ታውቁ የለ? ነርሷ የማስተዋልን ዓይን አየች፣ ፈገግ አለች፣ መናገር ጀመረች... ሰማዩም ጀመረ። እሷ ትናገራለች፣ ጣሪያው ይመልሳል። ከመሐል የያዝሁት ይኼን ነው፦ "ሙቅ... በቀን አራት ጊዜ... አሥር አሥር ደቂቃ... ለብ ያለ... እጅሽን ታጥበሽ... እንዳትጨምቂው!"

"ገባሽ?" አለች ጮኻ።

"ገባኝ!" አልሁ። አንደኛ የምወጣ ልጅ ነኝ፤ "አልገባኝም" የሚባለውን ቃል አፌ አልለመደውም።

ቤት እንደገባሁ በሉክ ወረቀት ላይ በቀይና በሰማያዊ እስክርቢቶ አሳምሬ ጻፍሁና ግድግዳው ላይ ለጠፍሁት። "የማስተዋል መድኃኒት። ሙቅ በቀን አራት ጊዜ፣ ለአሥር ደቂቃ፣ ለብ ያለ። እጅ ይታጠቡ። ሎሚ እንዳይጨመቅበት።" ሎሚውን ከየት አመጣሽው ትሉኝ ይሆናል። "እንዳትጨምቂው" ተብያለኋ! ከሎሚ ሌላ ምን ይጨመቃል?

አባየ ከደብረ ብርሃን የመጣ የግብርና ባለሙያ ነው፤ የታመመ ሩዝ ከመንገድ ላይ ሆኖ ይለያል። ወረቀቱን ቆሞ አነበበ።

"ለዓይን... ሙቅ?" ደግሞ አነበበ። "ጽሕፈትሽ ግን እንዴት ያምራል!" አለና የሩዝ ዱቄቱን አወረደ።

አያችሁ? ጽሕፈቴ የዶሮ ጭረት ቢሆን ኖሮ ይጠይቀኝ ነበር!

ሰኞ ሙቅ፣ ማክሰኞ ሙቅ። አባየ ስልኩን ይዞ ደቂቃ ይቆጥራል። "ቀስ ብለሽ ጠጭ፣ ገና ስድስት ደቂቃሽ ነው!" የማስተዋል ጉንጭ ሞላ። ብጉንጁም ሞላ! ሩዝ የነበረው ባቄላ አከለ፣ ጫፉ ላይ ቢጫ ነጥብ አወጣ።

"እታለም" አለችኝ ማስተዋል፣ "ሆዴ ድኗል። ዓይኔ ግን ገና አልሰማም።"

ረቡዕ ጠዋት እትየ ጥሩወርቅ የመርፌያቸውን ጫፍ በክብሪት እያቃጠሉ መጡ። "ጎምጅታ ነው አላልሁም?"

"በቀን አራት ጊዜ እየጠጣሁ የማንን እጎመጃለሁ?" አለች ማስተዋል።

"ምላሷስ ደህና ነው። በይ ያዥልኝ!"

እኔም... አልዋሻችሁም... ያዝኋት። ቅዳሜ ደረሰች፣ ግጥሜ ሜዳ ላይ ሊቀር ነው። ሲኳሉ ዓይን ማጥፋት ማለት ይኼው ነው። መርፌዋ ስትቀርብ ማስተዋል በደህናው ዓይኗ ግድግዳውን አየችና በአዲስ ንባቧ ጮኸች።

"እን-ዳይ-ጨ-መቅ-በት! እንዳይጨመቅ ይላል! አንች ነሽ የጻፍሽው!"

እጄ ላላ። በዕድሜየ ሙቅ ላይ ሎሚ ሲጨመቅ አይቻለሁ? አላየሁም። ታዲያ ነርሷ ማንም የማያደርገውን ነገር ምን ብላ ትከለክለኛለች? እንዳይጨመቅ የተባለውስ... እናንተየ!

"እትየ ጥሩወርቅ፣ በማርያም፣ መርፌዎን ይመልሱት!"

ጤና ጣቢያ ስንደርስ ደግነቱ ሰማዩ ዝም ብሏል። ነርሷ የማስተዋልን ዓይን አይታ ፊቷን ቋጠረች።

"ሙቁን አልያዝሽላትም እንዴ?"

"ኧረ ይዤላታለሁ! በትልቁ ኩባያ።"

"በምን?"

"በኩባያ። የሩዝ ነው፤ ስኳርም አላበዛንበትም።"

እኔን አየችኝ። የማስተዋልን ጉንጭ አየች። ከዚያ ጠረጴዛዋ ላይ ተደፍታ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች።

"ጨርቅ ነው ያልሁሽ፣ የኔ እናት! በሙቅ ውኃ የተነከረ ጨርቅ!"

እንባዋን ጠርጋ ከሥሩ አስረዳችኝ። ውኃው ፈልቶ ለብ ይበል፤ ልጅቷን እንዳያቃጥል መጀመሪያ በራሴ ክንድ ልሞክረው። ንጹሕ ጨርቅ ነክሬ፣ ዓይኗን ስትጨፍን ቆቡ ላይ ልያዝላት። "የሚጨመቀውም ጨርቁ ነው፣ ብጉንጁ አይደለም!" መርፌ የለም፣ ኩል የለም፣ በእጅ ማሸት የለም። ጨርቁንም ከእሷ በቀር ማንም ዓይኑን እንዳይጠርግበት። አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ራሱ ይሄዳል። ቀጥላ ሳቋን አቆመች።

"ትኩሳት ከመጣ፣ ቅላቱ ወደ ጉንጯ ከወረደ፣ ቆቡ አብጦ ዓይኗ ከተከደነ፣ አጥርታ ካላየች፣ ወይም እየባሰ ከሄደ ግን ቅዳሜ ምረቃ ነው ብለሽ እንዳትጠብቂ። በዚያችው ሰዓት ይዘሻት ነይ።"

ይኼን እኔም ሳልስቅ ጻፍሁት። ጽፌም መልሼ አነበብሁላት፤ ከዚያ ወዲህ "ገባኝ" የምለው አንብቤ ካሰማሁ በኋላ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ጨርቁን እንደያዝሁላት ብጉንጁ በራሱ ጊዜ ፈረጠ። ማስተዋል ጨርቁ ላይ የወጣውን ቢጫ ነገር አየችና "እታለም፣ ሙቁ ወጣ!" አለች።

ቅዳሜ መድረክ ወጣች። ባርኔጣው ሰፍቷት ኖሮ ገና ሰላምታ ስትሰጥ ተንሸራቶ... ሁለቱንም ዓይኗን ሸፈነው! ግጥሜን ከነባርኔጣዋ፣ አንዲት ቃል ሳትስት፣ በቃሏ ወረደችው። ያን ሁሉ የተጨነቅንለትን ዓይን አንድም ሰው አላየውም። ከቁሐር የመጣችው እማየ ብቻ ከጎኔ ሆና አጉረመረመች። "ደግሞ በአንድ ሳምንት እንዲህ ያወፈርሻት ምን አብልተሻት ነው?"

ነርሷ ያነበብሁላትን ወረቀት ለበሩ በትልቁ እንድጽፍላት የጠየቀችኝም ያን ረቡዕ ለታ ነው። "ሰው በየት በኩል እንደሚሳሳት ካንች የበለጠ የሚያውቅ የለም" አለችኝ። ምስጋና ነው ብየ ወስጀዋለሁ!

እናም ወረታ ብቅ ያላችሁ ሁሉ በሩ ላይ ቆማችሁ አንብቡልኝ። ጽሕፈቱ ስላማረ ብቻ እንዳታምኑት፤ ያልገባችሁን ነርሷን ጠይቁ። ከዚያ ወደ እኛ ቤት ጎራ በሉ። ማስተዋል ዛሬ ጠዋት ደህናውን ቀኝ ዓይኗን እያሻሸች መጥታ "ይኼኛውም የጀመረው ይመስለኛል... ጨርቁ ግን ይቅርብኝ፣ የድሮውን መድኃኒት አድርጊልኝ" ስላለችኝ ሙቅ ተጥዷል። ኑ፣ አብረን እንጠጣለን! ጨርቅ ግን ሁላችሁም የየራሳችሁን ይዛችሁ።