የወይዘሮ ደብሬን ድመት ወደ ጅግጅጋ የሸኘሁበት ማለዳ

የተከበራችሁ ወዳጆቼና የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ጧት በለጠፍኩት ፎቶ ላይ ያደረጋችሁትን ላይክ እባካችሁ መልሱልኝ!

ላይክ እንዴት እንደሚመለስ እኔ አላውቅም። እናንተ ታውቁታላችሁ።

ፎቶውን የለጠፍኩት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ስልኬ እንዲህ ይላል፤ እኔ ሁለት ሰዓት ይመስለኝ ነበር፤ ስልኩን አምኛለሁ። በፎቶው ላይ አንድ አይሱዙ፣ አንድ አፉ የታሰረ ጆንያና አንድ ደረቱን የነፋ ሽማግሌ ይታያሉ። ከሥሩም «ከዝርዝሩ አንዲት ነገር እንኳ አልተረሳችም» ብዬ ጽፌአለሁ።

ውሸት ነው!

ማለቴ፣ ስጽፈው እውነት መስሎኝ ነበር። ውሸት መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። እንዲህ ያለው ነገር ከእናንተ በአንዳችሁ ላይ ደርሶ ያውቃል? ደርሶ ከሆነ በኮሜንት አጽናኑኝ።

ለማያውቁኝ ከመነሻው ላስረዳ። እኔ መተማ ዮሐንስ የምኖር ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ልጄ ትርንጎ ምክትል መቶ አለቃ ናት።

ይቅርታ፣ ልድገመው። ምክትል መቶ አለቃ ናት!

ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ ሃምሳ አለቃ ሞላ የሚባል የጎጃም ልጅ አግብታለች። በማዕረግ ትበልጠዋለች። ሙሽራው፣ ሚስቱ ወደ ክፍል ስትገባ ከመቀመጫው ብድግ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ። ከፍቅር ይሁን ከወታደር ደንብ ግን እስካሁን አላረጋገጥኩም።

እነዚህ ሁለት ሙሽሮች ወደ ጅግጅጋ ተዛወሩ። ከአገሪቱ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ ወደ ምሥራቅ ጫፍ ማለት ነው። እኔ ያንን መስመር ዕድሜ ልኬን በጠመኔ ሳሰምረው ኖሬአለሁ፤ በእግሬም ሆነ በመኪና አልሄድኩበትም። ልጄ ልትሄድበት ነው። ኩራቴን እናንተው ገምቱት።

የሚጫነው አልጋ፣ ለሠርጋቸው የተሰጣቸው ብርጭቆና ሳህን፣ የሞላ ውሻ ቦቢ፣ የትርንጎ ድመት ሰሊጥ።

አዎን፣ ውሻና ድመት!

ሰፈሩ ሳምንቱን ሙሉ ሲሥቅ ከረመ። ጎረቤቴ ወይዘሮ ደብሬ፣ የማሽላ መጋዘን ያላቸው ሴት፣ በአጥሩ ላይ ብቅ ብለው «ልጄ፣ ጅግጅጋ ድመት የለም እንዴ?» ብለው ጠየቋት።

«አለ፣ እትዬ። ሰሊጥ ግን የለችም» አለች ትርንጎ።

ከዚህ በኋላ የጠየቀ የለም።

አሁን ወደሚያሳፍረው ልግባ።

ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የምኖረው ብቻዬን ነው። ማስታወሴ እንደ ድሮው አይደለም። የምስር ድስት ሁለት ጊዜ አሳርሬአለሁ። ትርንጎ ሦስት ጊዜ ነው ትላለች፤ ሦስተኛውን አላስታውስም፤ ይህም ራሱ ማስረጃ ሳይሆንባት አልቀረም። በሠርጉ ዕለትም ሙሽሮችን ስመርቅ፣ ሙሽራውን በሟች ወንድሜ ስም ጠርቼ መረቅሁት። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ሞላ ግን ጨዋ ልጅ ነው፣ «አሜን» አለ።

በዚህ ምክንያት ልጆቼ በስልክ ተሰብስበው መከሩብኝ። ባሕር ዳር ካለው ታላቅ ልጄ ዘንድ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ እንድኖር ተወሰነ። አራተኛ ፎቅ! ለመሆኑ እዚያ ላይ አልጋ አውጥቶ ደጅ የሚተኛ ሰው አይታችኋል? ይህች የቆላ ከተማ ትሞቃለች፣ አቧራዋም አይጣል ነው፤ ሆኖም ጥርሴን ከነቀልኩባት በኋላ ሌላ አገር መልመድ አልችልም። አሻፈረኝ አልኩ።

በመጨረሻ ትርንጎ እንደ መኮንን ፈረደች። «አባባ፣ የጉዟችንን ዕቃ ሙሉ በሙሉ እርስዎ ይረከቡ። ሳይጎድል ካስጫኑ እዚሁ በቤትዎ ይቀመጣሉ። ከጎደለ ግን ባሕር ዳር ነው።»

ወረቀት ላይ አሰፈርነው። ፈረምኩ። ወረቀቱ አሁንም ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል።

እንግዲህ ዝርዝር አዘጋጀሁ። በሦስት ዓምድ! የዕቃው ስም፣ ያለበት ቦታ፣ የተጫነበት ሰዓት። ዛሬ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱን እየነካሁ ምልክት አደረግሁ። ብርጭቆዎቹ አልፈዋል። አልጋው አልፏል። ቦቢ ጋቢና ውስጥ ገብቶ በመስኮት ያየኛል፤ አልፏል።

የቀረችው ሰሊጥ ናት።

እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ድመት ቤት ስትለውጥ በጆንያ ተከታ ትሂድ ትል ነበር። መንገዱን ካየች ተመልሳ ትመጣለች። ሳይንሳዊ መሠረቱን አላውቅም፤ ነገር ግን እናቴ ያዛወረቻት ድመት ተመልሳ መጥታ አታውቅም። ስለዚህ ለሙሽሮቹ «ጎንደር ሳትደርሱ ጆንያው እንዳይፈታ» ብዬ በጥብቅ አዘዝኩ። ጆንያው አየር የሚያስገባ ነው፤ አረጋግጫለሁ።

አሁን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ትርንጎ ሰሊጥን ያገኘቻት አብደራፊ ተመድባ ሳለች፣ ከአንድ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነው። ሁለት ነበሩ። አንዷን እሷ አሳደገቻት፣ ሌላዋን ለወይዘሮ ደብሬ ሰጠቻቸው። እሳቸው ስም አላወጡላትም፤ «ውሮ» ነው የሚሏት። እህትማማች ናቸው፤ ቀለማቸው አንድ ነው። ሁለቱም የእኔን ግቢ ያዘወትራሉ።

እኔም ይህን ስለማውቅ፣ ዓይኔንም ስለማላምን፣ ሙከራ አደረግሁ። በጓሮ ቆሜ «ሰሊጥ!» ብዬ ተጣራሁ።

መጣች! በስሟ ተጠርታ መጣች። ከዚህ የበለጠ ምን ማረጋገጫ አለ? ከተትኳት፣ አሰርኳት፣ ምልክት አደረግሁ።

በእጄ ጥሬ ሥጋ ይዤ እንደነበር በዝርዝሩ ላይ አልመዘገብኩም።

ትርንጎ ጉልበቴን ስማ ተሰናበተችኝ። ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትጎነበስ፣ መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሲያይ፣ ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። ሞላም «አባባ፣ አደራዎን፣ እኛንም በጸሎት አይርሱን» አለ። «እኔ ምንም ነገር አልረሳም!» አልኩት።

ሰማችሁት? እንዲህ ነው ያልኩት።

መኪናው ሄደ። ፎቶውን ለጠፍኩ። የከርከዴ ሻይ ቀድቼ ላይክ ስትሰጡኝ ተቀምጬ አያለሁ። አንደኛው የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ አእምሮዎ ዛሬም ካርታ ነው!» ብሎ ጻፈ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

በዚህ መካከል አንድ ለስላሳ ነገር እግሬን ታከከኝ።

ጎንበስ አልኩ።

ሰሊጥ!

የመኪናውን ድምፅ ፈርታ ከአልጋዬ ሥር ተደብቃ ኖሯል። ወደ ክፍሉ ጥግ ሄጄ በባዶ እጄ «ሰሊጥ» አልኳት። መጣች። ይህኛው ሙከራ ትክክለኛው ነበር፤ ሦስት ሰዓት ዘገየ እንጂ።

መኪናው ከሌሎች መኪኖች ጋር ተያይዞ ነው የሚሄደው፤ ለአንዲት ድመት ተብሎ አይመለስም። ፍሪጁ ላይ ያለውን ወረቀት አየሁት። አራተኛው ፎቅ ታየኝ።

ከዚያ ያደረግሁትን ስጽፍ እጄ ይከብደኛል። ሰሊጥን አንሥቼ፣ ግራ ቀኝ አይቼ፣ በአጥሩ ላይ ወደ ወይዘሮ ደብሬ ግቢ አሳለፍኳት።

አዎን። እኔ፣ የእናንተ መምህር፣ ስትኮርጁ ጆሮ ስጎትት የኖርኩት ሰውዬ!

ግማሽ ሰዓት አልቆየም።

«መምህር! ኧረ መምህር!» ወይዘሮ ደብሬ በአጥሩ ላይ ብቅ አሉ። «ይቺ ድመት ምን ነካብኝ?»

«ምን ሆነች?»

«አይጥ አይታ ሸሸች!»

ከርከዴዬን ፉት አልኩ።

«የኔዋ እባብ ገድላ ደጃፌ ላይ የምታሰጣ ናት። ይቺ ወተት ካልሰጠሽኝ ብላ ቀሚሴን ትስባለች!» ድመቷን አዩ። ቀጥለው እኔን አዩ። «መምህር፣ የጫኑት የማንን ነው?»

ተናገርኩ። ምን አማራጭ አለኝ? ስለ ወረቀቱም፣ ስለ ባሕር ዳሩም ጭምር ነገርኳቸው። ይጮኹብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሴትዮዋ አጥሩን ተደግፈው አሰብ አደረጉ።

«እንዲያማ ከሆነ ዝም እላለሁ» አሉ። «ድመት ብለው ጎረቤቴን አይወስዱብኝም። ለትርንጎም አልናገር። እርስዎም አይናገሩ።»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ማምለጫው ተከፍቶልኛል። ልጄ ብትጠይቀኝ እንኳ፣ ጆንያው ውስጥ ያስገባኋት ሰሊጥ ናት ብዬ ብምል ማን ይመሰክርብኛል?

ነገር ግን ያቺን እባብ ገዳይ በጆንያ ውስጥ፣ በዚህ ሙቀት፣ ከማታውቃቸው ሰዎች ጋር አሰብኳት። ልጄም ጎንደር ደርሳ ጆንያውን ስትፈታ፣ በሰሊጥ ፋንታ ሌላ ዓይን ሲያፈጥባት ታየኝ። ድመቶቹን ያምታታሁት እኔ አይደለሁም፤ አእምሮዬ ነው። ሰሊጥን በአጥሩ ላይ ያሻገርኳት ግን እኔው ነኝ። ይህ ልዩነት ከበደኝ።

ስልኩን አወጣሁ። ኔትወርክ እንዳይኖር ተመኘሁ። ነበረ!

«ትርንጎ ልጄ» አልኩ በስፒከር፤ ወይዘሮ ደብሬ ጆሯቸውን አቁመዋል። «ዝርዝሩን እንደገና ስመረምር አንድ መጠነኛ ግድፈት...»

ከወዲያ ማዶ ሣቅ ፈነዳ። የሞላ ሣቅ ነው።

«አባባ!» አለ። «ይቺ ድመት እኮ ኮማንዶ ናት! ቦቢን ከመቀመጫው አስነሥታ እግሬ ሥር አስገብታዋለች። መውጣት አልተፈቀደለትም!»

ጆንያውን ጎንደር ሳይደርሱ፣ አይከል ላይ ፈትተውታል። ትእዛዜን ጥሰው! ጩኸቷ አላስቀምጥ ብሏቸው ነው አሉ። እንደፈቷት አውቀዋታል።

«ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልደወልሽም?» አልኳት።

«እርስዎ ይደውሉ እንደሆነ እየጠበቅሁ ነበር፣ አባባ።»

አጥሩንም ነገርኳት። ሳልጠየቅ። ሞላ እንኳ ሣቁን አቆመ።

«አባባ» አለች ትርንጎ፣ «ድስት ቢያሳርሩ ድስት ይገዛል። ስም ቢሳሳቱም ሞላ አሜን ይላል። የኔ ፍርሃት፣ እኔ ጅግጅጋ ሆኜ እርስዎ እዚያ አንድ ነገር ሆነው ‹ደኅና ነኝ› ይሉኛል የሚል ነው። ዛሬ ግን ደወሉ።»

«ስለዚህስ?»

«ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ ይቅደዱት። ቤትዎ ይቀመጣሉ።»

ምክትል መቶ አለቃ ናት አላልኳችሁም?

ወዲያው ደግሞ «እትዬ ደብሬ አሉ?» ብላ ጠየቀች።

«አለሁ፣ እናቴ!»

«በየምሽቱ ምድጃውን ያዩልኛል?»

«አየዋለሁ። ግን የኔን መጋዘን ማን ያየዋል? ማሽላዬን አይጥ ሊጨርሰው አይደል?»

«በድመቷ ፋንታ ሰሊጥ ትተካለች። አባባ ያለማምዷታል። የእርስዎን ግን በመጀመሪያው ፈቃድ ስንመጣ እንመልሳታለን።»

ወይዘሮ ደብሬ ቀና አሉ። ሻሻቸውን አስተካከሉ። «የምን መመለስ! ትሂድ እንጂ! ከዚህ ሰፈር ለሠራዊቱ ሁለተኛ መሆኗ ነው!» አሉ። ከዚያ ወዲህ በደጃቸው ላለፈው ሁሉ ይህንኑ ሲያወሩ ውለዋል። እኔ በልጄ እኮራለሁ፣ እሳቸው በድመታቸው። የማን ኩራት እንደሚበልጥ መለየት አቅቶኛል።

ወረቀቱን ቀደድኩት። ቁራጮቹን የት እንዳስቀመጥኩ አላስታውስም፤ ግን ቀድጄዋለሁ።

ይህን የምጽፍላችሁ ከወይዘሮ ደብሬ መጋዘን፣ የማሽላ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ነው። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ትምህርት ላይ ነን። ሰሊጥ ጉልበቴ ላይ ተኝታለች። አሁን በፊታችን አንድ አይጥ አለፈ፤ አንድ ዓይኗን ከፍታ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ልክ የኋላ ወንበር ተማሪ!

እስቲ ከእናንተ መካከል የምታውቁ ካላችሁ፣ አይጥ መያዝ ለማታውቅ ድመት ትምህርቱ ከስንተኛ ክፍል ነው የሚጀመረው? እኔ የማውቀው ጂኦግራፊ ብቻ ነው፤ እሱንም ቢሆን፣ የጎረቤቴ ድመት አሁን የምታየውን መንገድ እኔ አልሄድኩበትም።